ሁለቱ ኃይለመስቀሎችና የዶክተር ሐረገወይን ተስፋጽዮን የምርምር ሕይወት

ከቅርብም ከሩቅም ደክማችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ የእህቴን የዶክተር ሐረገወይንን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ሰርፀ ነኝ፤ ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሱኝ።

ዶክተር ሐረገወይን ከአባታቸው ከአቶ ተስፋጽዮን ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋነሽ ደስታ በ1953 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አዘዞ ተወለዱ። የአሜሪካ ወረቀታቸው ጃንዋሪ አንድ ተወለዱ የሚለው፣ በሱዳን በኩል እንደመጣነው እንደ ብዙዎቻችን፣ ቀኑን የሚያስረዳላቸው ሰው ስላልተገኘ ነው።

በስደት የተቋረጠውን ትምህርታቸውን አትላንታ ከገቡ በኋላ ቀጥለው፣ ቀን ዳውንታውን ፓርኪንግ እየሠሩ ማታ እየተማሩ፣ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል በሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። ከአቶ ግሩም አስፋው ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ልጃቸውን ኑሃሚንን ወለዱ፤ ቤታቸውንም ፓይን ሌክ አደረጉ። እዚያ ቤት የጉበት ቫይረስ ሳይነሣ ምሳ ተበልቶ አያውቅም።

የምርምር ዘመናቸው ያለፈው በሄፓታይተስ ቢ ላይ ሲሆን፣ የአንዱ ሰው ደም ቫይረሱን ሲያሸንፍ ሌላው ለምን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት እንደሚኖር ለማወቅ ከወገኖቻችን ደም ይሰበስቡ ነበር። ቫይረሱ እንደነበረባቸው በሚታወቀው በኖርክሮሱ ነዋሪ በአቶ ኃይለመስቀል ዘገየ ስም በተቀመጠው ደም ውስጥ ቫይረሱ ጠፍቶ ብርቱ ተዋጊ ሕዋሳት በተገኙ ጊዜ፣ ግኝታቸው በሳይንስ መጽሔት ወጣ፤ ተጨበጨበላቸውም። ለአቶ ኃይለመስቀል "እንኳን ደስ አለዎት፣ ድነዋል" ብለው ያበሠሩት ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚሁ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ደም ሊወስዱ "አቶ ኃይለመስቀል!" ብለው ቢጣሩ ሁለት ሰዎች ተነሡ። ሁለቱም በስደት የመጡ፣ በወረቀት በአንድ ዓመት ጃንዋሪ አንድ የተወለዱ ነበሩ። ኮምፒውተሩ "ኃይለ"ን ስም፣ "መስቀል"ን የአባት ስም አድርጎ፣ እውነተኞቹን አባቶች ጥሎ፣ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጓቸው ኖሯል። ንጹሑ ደም የሌላው ሰው ነበር፤ የታመሙት አልዳኑም። ይህን ፈረንጅ ቢስተው አይገርምም፤ እህቴን ያንገበገባቸው ግን ጃንዋሪ አንድ የተወለዱት እሳቸው መሳታቸው ነበር።

አቶ ኃይለመስቀል ዘገየ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበርና መድኃኒታቸውን ይወስዱ እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ "ኧረ ዶክተር፣ ክኒኑን ስቶፕ ካደረግኩ ከረምኩ፤ ድነዋል ብለውኝ የለ?" አሏቸው። እህቴ የደም መቅጃቸውን እንደተዘረጋ ትተው፣ ሰውየውን በራሳቸው መኪና ሆስፒታል አደረሱ።

የሰውየው ጉበት ሊከዳቸው ደርሶ ሐኪሞቹ ተስፋ በማይሰጡበት በዚያ ሳምንት፣ የእህቴ የሥራ ባልደረቦች ነገሩ እስኪጣራ ዝም ይበሉ ብለው ለመኗቸው፤ ዝም ካላሉ ላብራቶሪያቸው እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቅ ነበር። አቶ ግሩም ብቻ "ሪትራክት አድርጊው፣ ሐረጌ፣ ተሳስቻለሁ ብለሽ ጽሑፍሽን ከመጽሔቱ አስወጪው፤ ነገ ሌላም ሰው ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል" አሏቸው። እሳቸውም ሰውየው ይሙቱ ይዳኑ ሳይታወቅ ስሕተታቸውን በገዛ ስማቸው አሳወቁ። ላብራቶሪው ተዘጋ። አቶ ኃይለመስቀል ግን ከብዙ ጣር በኋላ ተረፉ።

ዶክተር ሐረገወይን ከዚያ ወዲህ በሰው ላብራቶሪ ተቀጥረው፣ ደም የሰጠውን ሁሉ እስከ አያቱ እየጠየቁ፣ ምርምሩን እንደ አዲስ ጀመሩ፤ አሰልቺ ሆኑ ብለን እንስቅባቸው ነበር። የጣፊያ ካንሰር ይዟቸው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜም፣ ከራሳቸው ውጤት አስቀድመው የሚጠይቁት የአቶ ኃይለመስቀልን የጉበት ውጤት ነበር። ሥራው ሳይፈጸም በዚህ ሳምንት አረፉ። እኔ በዚህ እቆጫለሁ፤ አልደብቅም።

ባለቤታቸውን አቶ ግሩም አስፋውን፣ ልጃቸውን ኑሃሚን ግሩምን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ አስከሬናቸውን የተሸከሙትን አቶ ኃይለመስቀል ዘገየንና አቶ ኃይለመስቀል ተሰማን፣ ሁለቱንም ከነአባታቸው ስም፣ ትተውልን ሄደዋል። ማንንም ከማንም የማያምታታ አምላክ ወለተ ሥላሴን በክርስትና ስማቸው ጠርቶ፣ ነፍሳቸውን ከአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።