ጭራዋን የያዘው ሰውዬ

(ቢሾፍቱ፤ ጡረታ የወጡት የአውሮፕላን መካኒክ ጋሽ ውብሸት በትብለጥ ኮፒ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ የቆየ የሞዴል አውሮፕላን ፕላን ዘርግተዋል።)

ውብሸት፦ አውሮፕላኗን አሳድጊያት፣ ሰውዬውን ግን ሸፍኚልኝ አልኩሽ እኮ!

ትብለጥ፦ የቱን ሰውዬ?

ውብሸት፦ ይሄንን! ጥጉ ላይ ተንበርክኮ ጭራዋን የያዘውን።

ትብለጥ፦ ውይ ሲያምር! ባርኔጣ ሁሉ አለው። ምን አደረገዎት?

ውብሸት፦ ምንም። ነጭ ወረቀት ጣል አድርጊበትና ኮፒ አድርጊ።

ትብለጥ፦ ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ነገሩ ይግባኝ። አንድ ተኩል እጥፍ ላሳድጋት ነው። በዚህ ፕላን የሠሯት ትንሿ ምን ሆነች?

ውብሸት፦ ትልቅ ሞተር አገኘሁ። ትንሿ ላይ ብገጥመው አፍንጫዋን ደፍቶ ይዟት ይወርዳል።

ትብለጥ፦ ታዲያ ሁሉም ነገር አብሮ ይደግ?

ውብሸት፦ ቅርጿ ይደግ። የእንጨቱን ውፍረት ለኔ ተይልኝ፤ እሱም እኩል ካደገ ከብዳ ከመሬት አትነሳም።

ትብለጥ፦ ሞተሩን ከየት አመጡት?

ውብሸት፦ የነገደ ነው። ሚስቱ ሰጠችኝ።

ትብለጥ፦ አብረውዎት ይመጡ የነበሩት? ሳቂታው ሰውዬ? ምነው፣ እሳቸውስ?

ውብሸት፦ ጾም ሳይገባ ቀበርነው።

ትብለጥ፦ ወይኔ! አልሰማሁም እኮ። ነፍሳቸውን ይማር፣ እግዜር ያጽናዎት ጋሼ።

ውብሸት፦ አሜን። «ሞተሩን ለውብሸት ስጪው፣ ሳያበረው መደርደሪያ ላይ እንዳያስቀምጠው» ብሏት ሞተ። አየሽልኝ? እየሞተም ሥራ ያዝዘኛል።

ትብለጥ፦ ፕላኑንም የሣሉት እሳቸው ናቸው?

ውብሸት፦ እሱ ነው። ራሱንም ጥግ ላይ ሥሎ ቁጭ! እኔ መሀል ሜዳ ቆሜ፣ ታስራ በዙሪያዬ የምትበርበትን ሽቦ እይዛለሁ፤ እሱ ጭራዋን ይዞ፣ ሞተሩ ሲያጓራ ይለቃታል። ዕድሜያችንን በሙሉ እንደዚያ ነው ያበረርነው።

ትብለጥ፦ ታዲያ ለምን ያጠፏቸዋል?

ውብሸት፦ አብሮ ያድጋላ! ግድግዳ ላይ ለጥፌ ስሠራ ስንዝር አክሎ ሊያየኝ? አልችልም ልጄ። አሁንም ቤት ስገባ ሬዲዮ የምከፍተው ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው።

ትብለጥ፦ ጭራዋን ማን ሊይዝልዎት ነው?

ውብሸት፦ ችካል ላይ አስራታለሁ።

ትብለጥ፦ ችካል መልቀቅ ያውቃል?

ውብሸት፦ በገመድ ስስበው ይፈታል።

ትብለጥ፦ ሞክረውታል?

ውብሸት፦ በትንሿ ሞከርኩ።

ትብለጥ፦ እና?

ውብሸት፦ ምን እና አለው! ክንፏ በፕላስተር ታስሮ አልጋ ሥር ተኝታለች። የነገደን ሞተር እንደዚያ ከከሰከስኩት ግን ምን ይውጠኛል?

ትብለጥ፦ ጎረቤት የለም እንዴ?

ውብሸት፦ ጠየቅኳቸው። «በዚህ ዕድሜዎ መጫወቻ?» ብለው ሳቁብኝ። ሁለተኛ ሰው አልለምንም። በይ ሸፍኚውና ልሂድ።

ትብለጥ፦ የት ነው የሚያበሩት?

ውብሸት፦ ከሐይቁ ማዶ፣ ሜዳው ላይ። እሁድ ጠዋት።

ትብለጥ፦ እሁድ እኔም ሱቄን ዘግቼ ግድግዳ ሳይ ነው የምውለው። ያ የሚሽከረከረው ነገር ጣት ይቆርጣል?

ውብሸት፦ ከኋላ ለያዘማ ምን ያደርገዋል? ለምን ጠየቅሽኝ?

ትብለጥ፦ እንኩ እርሳስ። ጋሽ ነገደ አጠገብ እኔንም ጭራዋን ይዤ ይሣሉኝ፣ ሁለታችንንም አንድ ላይ አሳድጋለሁ።