በቃል የተነገረች ስህተት

ባየልኝ በዚያ የጥቅምት ረፋድ ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት የገባው ጥም ይዞት አልነበረም፤ ቢሮ መግባት አፍሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ። በስብሰባውም ስርጉት የምትባል ባልደረባው ከሥራ ልትሰናበት ነው። የምትሰናበትበትን ጥፋት የሠራው ግን ባየልኝ ሲሆን፣ ይህንንም የሚያውቁት እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባየልኝ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር ፕሮግራም የሚሠራ የሦስት ሰዎች ቡድን አለቃ ነው። ፕሮግራሙ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ለሚወርዱት፣ ሳሉግ ለሚባሉት የቀን ሠራተኞች፣ የትኛው እርሻ ሠራተኛ እንደሚፈልግ በስልክ መልእክት ይነግራቸዋል። ባየልኝ ጎበዝ ነው፤ ጉብዝናውን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ራሱ ነው። የቡድኑን ሥራ በሙሉ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ይዞራል። ስርጉት፣ "የሥራ መከታተያ ሰሌዳ ኮምፒውተር ላይ እንክፈት፤ እያንዳንዱ ብልሽት ቁጥርና ባለቤት ይኑረው። መልእክት ከመልቀቃችን በፊት የምናነበው ቼክሊስትም ያስፈልገናል" ብትለው፣ "ሦስት ሰው ሆነን መዝገብ ቤት ልንከፍት ነው?" ብሎ አሳቀባት።

መስከረም ላይ ደግሞ በር ላይ አግኝታው፣ "አንድ እርሻ ቦታው ሲቀየር ፕሮግራሙ የሚልከው የድሮውን ቦታ ነው" አለችው። "ይዤዋለሁ" አላት። አልያዘውም። ብዙ ሳይቆይ ወደ አብርሃ ጅራ መሄድ የነበረባቸው ሃያ ሦስት ሰዎች ወደ ገለጉ ተላኩ። የመልእክቱን ክፍል የምትሠራው ስርጉት ስለሆነች ጣት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ባየልኝ ሲጠየቅ፣ "ለእኔ የነገረኝ የለም" አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ቀን ወዲህ "አንተ" ትለው የነበረችው ልጅ "እርስዎ" ትለው ጀመር፤ እሱም በሰማው ቁጥር ጆሮው ይግላል።

ሻይ ቤቷ ሞልታ ነበርና እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የከርከዴ ሻይ ከሚጠጡ ሽማግሌ አጠገብ ቦታ ጠየቀ።

"ቁጭ በል ልጄ። ስሜነህ እባላለሁ፤ የሳሉግ ካቦ ነኝ፣ ከጎጃም ነው የወረድሁ።"

"እግርዎን ምን አገኘዎት አባቴ?"

"መንገድ ነዋ! ስልኩ ገለጉ ሂዱ አለን። አይሱዙው ግማሽ መንገድ ላይ አራገፈን፣ የቀረውን ሁለት ቀን በእግራችን ሄድን። ብንደርስ ሜዳው ባዶ! ባለ እርሻው ዘንድሮ የሚያሳጭደው አብርሃ ጅራ ነው አሉን። ዞረን እዚያ እስክንደርስ ሰሊጡ ተሰንጥቆ ረግፏል። ሰሊጥ መች ቀን ይሰጣል? ኸላስ፣ አለቀ! እሱም ሰብሉን፣ እኛም ሥራችንን አጣን።"

ባየልኝ ማንነቱን ሊናገር አፉን ከፈተና ዘጋው። ዓይኑን ከሽማግሌው እግር ለማሸሽ ሲል ጉልበታቸው ላይ ወዳለው ቁራጭ ካርቶን አመለከተ።

"ይህስ ምንድን ነው?"

"የሰዎቼ ስም። ከመነሳታችን በፊት አንድ ባንድ እጠራለሁ፤ ውሃ፣ ማጭድ፣ አጎበር እላለሁ። 'አለ' ላለኝ በከሰል ምልክት አደርጋለሁ። ምልክት የሌለው አንድ ሰው ካለ አንነቃነቅም።"

የባየልኝ ኩራት ገና አልሞተችም። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጎበዝ አለቃ ይህን ያህል ሰው በቃሉ መያዝ ያቅተዋል? እንዲህ መጻፍስ ሥራ አያዘገይም?"

"ሁለት ቀን በእግር ከመሄድ የባሰ ያዘገያል?"

ካቦ ስሜነህ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"እኔም እንዳንተ እል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ፈንቴ የሚባል ልጅ ወባ ይዞት ከዛፍ ሥር እንደተኛ ጥየው ሄድሁ። ወንድሙ ጠዋት ነግሮኝ 'እሽ' ብየው ነበር። ኋላ ልጁ ሲፈለግ በሰው ፊት 'መች ነገርኸኝ?' አልሁት።"

"ልጁስ?"

"ተርፏል፤ አንድ የትራክተር ሹፌር አገኘው። የወንድሙ ፊት ነው ከእኔ ያልጠፋ። መርሳት የሰው ነው ልጄ፤ የነገረህን ሰው ዋሾ ማድረግ ነው ነውሩ። የተጻፈ ቢሆን እንዲያ ማለት አልችልም ነበር። ጽሕፈት አለቃና ምንዝር አይለይም።"

ባየልኝ ሰሌዳውን ለምን እንደጠላው ያን ጊዜ ገባው። ጊዜ ይፈጃል ይል የነበረው ሰበብ ነው፤ የፈራው የሚመሰክርበትን ነገር ነበር። በቃል ያለ ይረሳል በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት በልጅነቱ ሰምቶታል፤ አሁን ግን መሬት ብትውጠው ወደደ።

"አባቴ፣ ያን መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ። ስህተቱ ተነግሮኝ ነበር።"

"ማን ተወቀሰበት?" አሉ ሽማግሌው።

"አንዲት ልጅ።"

"እንግዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?"

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አዛናው ስብሰባውን እንደከፈቱ ባየልኝ ተነሳ። "ስርጉት ነግራኛለች። የረሳሁትም የዋሸሁትም እኔ ነኝ" አለ። ስርጉት ቀና ብላ አላየችውም። አቶ አዛናውም የዋዛ ሰው አልነበሩም። "ከዛሬ ጀምሮ አለቃዋ እሷ ናት፤ አንተ በእሷ ሥር ትሠራለህ" አሉ። ባየልኝ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

ሰሌዳው በማግስቱ ተከፈተ። አሁን ብልሽት ያየ ሰው በር ላይ አይናገርም፤ ይጽፈዋል። ቁጥር፣ ባለቤትና ቀን ይሰጠዋል፤ ሥራውን የሠራው ሰው ራሱ "አልቋል" ማለት አይችልም፣ ሌላው ሞክሮ ነው የሚዘጋው። መልእክት ከመለቀቁ በፊት ቼክሊስቱ ጮክ ተብሎ ይነበባል፦ ቦታው ተቀይሯል? ባለ እርሻው አረጋግጧል? አንዱ ቢታመም ሌላው ሥራው የት እንደቆመ ያውቃል፤ ትንሹ የተናገረውም ከትልቁ ቃል እኩል ተጽፎ ይኖራል። በዚያ አጨዳ ያለ ቦታው የተላከ ሰው ዳግመኛ አልነበረም። አንባቢም የብዙ ሰዎችን ሥራ በአንድ ጭንቅላት የያዘ እንደሆነ፣ ጭንቅላቱ የጣለው ነገር በማን እግር ላይ እንደሚወድቅ ይመርምር።

የፕሮግራሙ ብልሽት በሦስተኛው ቀን ተዘጋ። ባየልኝ በራሱ እጅ የጻፈው ሌላ ሥራ ግን ኅዳር ገብቶም አልተዘጋም፦ "ለሃያ ሦስቱም ሰዎች ደውሎ ይቅርታ መጠየቅ። ባለቤት፦ ባየልኝ።" አሥራ ዘጠኙን አግኝቷል፤ የአራቱ ስልክ አይሠራም። በየጠዋቱ ስርጉት ዝርዝሩን ስታነብ እዚያ ላይ ትደርስና ስሙን ትጠራለች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ "ገና ነው" ይላል።