በአራት ቁጥር ክፍል የተሰማው ፉጨት

ቁጭ በሉ፣ ምግቡ አያልቅባችሁም። ሴሩዋያ ነኝ፤ ዛሬ ከምንሸኛቸው ከማደንዘዣ ሐኪማችን ከዶክተር ኢላይቲያ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ያዋለድኩት ነርስ።

ዶክተር ከካንዳቩ ደሴት በጀልባ የመጡ ዕለት ትልቅ የበረዶ ሣጥን ተሸክመው ነበር። የደሴት ሰው ባዶ እጁን አይመጣም ብለን ድስት ጥደን ጠበቅን። ሲከፈት በረዶ ብቻ። "ዓሣውስ?" ብላቸው፣ "የምን ዓሣ? ቆዳ ላይ እያስነካሁ ማደንዘዣው እስከየት እንደወጣ የምለካበት ነው" አሉኝ። ያን ቀን ደረቅ ካሳቫ በላን።

ልማዳቸውን ታውቃላችሁ። ለምጥ ማስታገሻ ወገብ ላይ ወግተው ቀጭን ቱቦ ካስገቡ በኋላ፣ መጀመሪያ ጠብታ የምታህል መድኃኒት ሰጥተው ይቆማሉ። ሰዓት እያዩ፣ የሴትዮዋን እጅ ይዘው፣ "ጆሮሽ ይጮኻል? አፍሽ ብረት ብረት ይላል? እግርሽ ከበደሽ?" እሷ ታምጣለች፤ እሳቸው ሐውልት ናቸው። አንዷማ ሰውዬው ቆመው እንቅልፍ ወሰዳቸው እንዴ ብላ ጠይቃኛለች። ከዚያ ወዲህ በሌሉበት "ዶክተር ቆይ" እንላቸዋለን።

አራት ቁጥርንም ታውቃላችሁ። ሲስተር ቪካ እዚያው ሥራ ላይ ሳሉ ከሞቱ ወዲህ ክፍሉ ያፏጫል ይባላል። በሕይወት ሳሉ እያፏጩ ነበር የሚሠሩት፤ ቀስ ያለ የቤተ ክርስቲያን ዜማ። ለአዲስ ነርስ ይህን ነግረን እንስቃለን። ብቻዋን ግን አንልካትም።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በዋለበት ቀን፣ ሎሳሊኒ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት አራት ቁጥር ተኛች። አማቷ መርፌው ሽባ ያደርጋታል ብለው በሩን ዘጉብን። ዶክተር አልተቆጡም።

"እማማ፣ እንደዚያ ያለ ጉዳት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። የደም ግፊት መውረድና ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ እሱን እናክማለን። ምንም አይደርስም ብዬ ግን አልምልም። ቆሜ የምጠብቀው ለዚያ ነው።"

እማማ ከበሩ ዞር አሉ። ጠብታዋ ገባች። ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ። ሎሳሊኒ ቀና ብላ፣ "አንድ ሰው ያፏጫል" አለች።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "አይዞሽ እህቴ፣ የእኛዋ ሲስተር ቪካ ናቸው፤ ማንንም አይነኩም።" ዶክተርንም ይቀጥሉ አልኳቸው። ዋናው መድኃኒት እጃቸው ላይ ነበር። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም።

"ሎሳሊኒ፣ ፉጨቱ ከየት ነው?"

"ከጭንቅላቴ ውስጥ። ምላሴም ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል።"

በቀጭኗ ቱቦ መልሰው ሲስቡ ደም መጣ። ደም ሥር ውስጥ ገብታ ኖሯል። ዋናው መድኃኒት ቢከተል የሴትዮዋ ልብ ሊቆም ይችል ነበር። ቱቦዋን አውጥተው፣ ሌላ ቦታ ወግተው፣ እንደገና ቆመው ጠበቁ። ሳይመሽ ሴት ልጅ ተወለደች።

ኋላ ኮሪደር ላይ ጠሩኝ። "ሴሩ፣ በመንፈስ ብታምኚ አልከለክልሽም። ግን ሴት የሰማችውን ስትናገር አንቺ አትመልሺላት፤ ለእኔ ንገሪኝ።" ከዚያ ለማንም አላወሩብኝም።

ዶክተር፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። አሥራ አራት ዓመት የደበቅኩዎት ነገር አለ። ያን ቀን ፉጨቱን እኔም ሰምቻለሁ። ከእሷ በፊት፣ እርስዎ ገና ወገቧን በጥጥ ሲጠርጉ፣ እዚህ ጆሮዬ ሥር። የእሷ ከመድኃኒቱ ነው። በእኔ ደም ውስጥስ ምን ነበር? ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ፍርሃቴን በቀልድ ሸፈንኩት። እሷም እንደኔ አፍራ ዝም ብትል ኖሮ፣ እናቲቱንም ልጅቱንም እናጣ ነበር።

አመሰግንዎታለሁ። በምጥ መካከል የተነገረን ቃል ሁሉ እውነት ነው ብለው ስለሰሙ። እወድዎታለሁ፤ ይህን ሳልነግርዎት ብሸኝዎት ይቆጨኝ ነበር።

ሰኞ አዲሱ ሐኪም ይጀምራሉ፤ እጃቸው ፈጣን ነው ይባላል። አራት ቁጥርም ለሰኞ ተይዟል። ዛሬ ጠዋት አልጋውን ሳነጥፍ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ያ ዜማ እንደገና ተሰማኝ። አሁን አላፈርኩም፤ ክፍሎቹን ሊያዩ ለመጡት ለአዲሱ ሐኪም ሄጄ ነገርኳቸው። ሳቁ።

በሉ፣ የያንጎናውን መጠጥ ቅል አንሡ። ዶክተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ጉልበትዎ አይክዳዎ፤ በቤትዎ ሳቅ አይጥፋ። ቡላ! ለሕይወትዎ!

ሰኞ ጠዋት ብቻ፣ እባክዎ፣ ስልክዎን እንዳይዘጉ።