ሂድ ባሉት የሚሄድ ፕሮግራም

ከዚህ በታች ያለው ቃል በቃል እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ እነዚህ ጣቶቼ ዳግመኛ ኪቦርድ አይንኩ። እነሱን የሚስተካከል ጣት በፕሮግራመሮች ሁሉ ዘንድ እንደሌለ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በምሠራበት ሆስፒታል ኮሪደር ሳልፍ የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ፣ ጋሼን፣ አገኘኋቸው። ወረቀት ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደሉም?»

«የባለቤቴ የደም ውጤት መጣ። ሐኪሙ ይህንን አይቶ ቀዶ ሕክምናውን ሊጀምር ነው።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ደሟ ገና አልተቀዳም፣ ልጄ።»

የእህቴ ልጅ ወደምትሠራበት የጋሼ ክፍል ገብተን ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። ፕሮግራማቸው ውጤት የሚጠይቀው ከዋናው ላቦራቶሪ ነው፤ «እዚህ የለም፣ ወደዚያ አድራሻ ሂድ» ሲባል ዝም ብሎ ይሄዳል።

«ቢሄድስ?» አሉ ጋሼ። «ስንት ዓመት ሳያደክመን ሄዷል።»

«የማያውቁት ሰው ‹ያንን በር ያንኳኩ› ቢልዎ የቤትዎን ቁልፍ ይዘው ይሄዳሉ?»

«እኔማ ማነህ እላለሁ።»

«ፕሮግራምዎ ግን አይልም! የይለፍ ቁልፋችንን ላገኘው ሁሉ ያስረክባል።»

«አንተ ሰው፣ አፍህ አያርፍም። እሺ፣ አሳየኝ።»

ፕሮግራሙ የተላከበትን አድራሻ በራሱ መከተሉን ዓይኔን ጨፍኜ አጠፋሁት። አሁን በየእርምጃው ቆሞ አድራሻውን ያሳየናል፣ ፈቃድ ይጠብቃል። መጀመሪያ የላቦራቶሪው አዲስ አድራሻ መጣ፤ እሺ አልን። ያኛው ደግሞ ወደ ሌላ ላከን፦ ወደ ራሳችን ምድር ቤት፣ ተዘግቶ ወደ ከረመው ክፍል።

ወረድን። በሩን ስከፍት ጨለማው ውስጥ አንዲት አረንጓዴ መብራት ትርገበገባለች። ማሽኑን ዳሰስኩት፤ እንደ ታማሚ ግንባር ይሞቃል።

«በቃኝ፣ አምኛለሁ» አሉ ጋሼ፣ እጄን ጨብጠው።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ወደማያውቀው አድራሻ አይሄድም፤ ቁልፉን ለባዳ አይሰጥም፤ ከቦታ ቦታ መላኩ ሲበዛበት ቆሞ ይጠራናል። ደሙ ተቀድቶ እውነተኛው ውጤት ሲመጣ ከፊተኛው ጋር አልገጠመም። ቀዶ ሕክምናው ዘገየ፤ የጋሼ ባለቤት ዛሬ በእግራቸው ይሄዳሉ። የማን ሥራ እንደሆነ መናገር አይገባኝም።

ይህንን ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«አጎቴ» አለች፣ «‹ቢሄድስ?› ያልከው አንተ ነህ፤ የተከራከሩህ ጋሼ ናቸው። ምድር ቤትም የወረድኩት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። ማሽኑ ከዚያ ተወስዶ መብራቱም ከተቆረጠ ቆይቷል። ክፍሉ ባዶ ነበር።»