ወንድ ሲፈጭ

አንኮበር አንዲት ወይዘሮ ቤት ልጄ ፈጪ ሆና ተቀጥራ ነበር። አንድ ቀን እንጨት ላደርስ ብገባ ሆዷን ይዛ ወፍጮው ላይ ተደፍታለች። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው የሚያደርጋት፤ ወገቧ አይቆምላትም።

“ደግሞ ጀመራት” አሉ ወይዘሮዋ። “ሴት ሁሉ ለሚችለው ነው እሷ የምትተኛው። የድግሱን እህል ካልጨረሰች ይዘሃት ሂድ።”

ልጄን ደግፌ መደቡ ላይ አስተኛኋትና አጎንብሼ የወፍጮውን መጅ ጨበጥኩ።

“ምነው አንተ ሰው! ወንድ በቤቴ ሲፈጭ ቢታይ ምን እባላለሁ? ተነሳ።”

“እሷ ትረፍ እንጂ እነሳለሁ፣ እሜቴ።”

ሌላ ፈጪ አስጠሩ፤ ልጄ አረፈች። እኔን ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ጤነኛው እኔ መጅ ብነካ ነውር ሆነ፤ እሷ ደም እየፈሰሳት ስትፈጭ ነውር ነው ያለ አልነበረም።