ባዕድ የሚጠሉ ባዕዳን ኅብረት

በእኛ ጊዜ፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ ተከራዮቼ፣ የሚሊኒየሙ ሰሞን ነው የምላችሁ፣ በእኛ ጊዜ ልጅ የምትዳረው በአፍ ነበር፤ ማለቴ በሰው አፍ። አባቷ ከሞተ የአባቷ ወንድም «ሰጥቻለሁ» ይላል፣ የእናቷ ወንድም «ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ከወንዱ በኩል ደግሞ የሥጋ ዘመዱ ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል። ከነዚህ አንዱ ከቀረ ሠርጉም ቀረ። እናትማ? እናት ወጥ ትሠራለች። ምን ያስቃችኋል? እንዲያ ነበር እኮ።

ታዲያ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መምህር ነበር፤ ሲሞት ልጄን ሐዊንና ያንን ትልቁን ሬዲዮ ትቶልኝ ሄደ። ሐዊ እዚሁ አምቦ አስተማሪ ሆነች፣ እና አንድ የጊንጪ ልጅ ወደደች፣ ቶሌራ ይባላል፣ ነርስ ነው፣ እጁ ቀላል፣ እኔን ራሴን መርፌ ወግቶኝ «መቼ ነው የምትወጋኝ?» ብዬዋለሁ። ደስ አለኝ። ግን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አለ፣ ኦቦ ገመቹ፣ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ ከጀርባው እሱ ነው፣ ሄጄ ብነግረው «ሂን ተኡ! አይሆንም!» አለ።

«ምን አጠፋ ልጁ?» አልኩት።

«ምንም አላጠፋም፣ ጊንጪ ተወለደ።»

«እና እኔስ የጉደር ሴት አይደለሁም እንዴ? ወንድምዎ አላገባኝም?»

«አንቺማ ለምደሽናል» አለኝ። እዩት እንግዲህ! ወልጄ፣ ቀብሬ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ «ለምደሽናል»! «የአምቦ ልጅ ለአምቦ ነው፣ በቃ» ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ።

ሐዊ ምን አለች መሰላችሁ? ሌላዋ ብትሆን ኮብልላ ትሄዳለች። የእኔዋ ግን «እማዬ፣ አባቴ የለም፣ የአባቴ ወንድም ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም፣ ሌላም ሰው አላገባም» አለችና ምግብ ተወች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ደብተር ታርማለች፣ ትተኛለች። ከሳች። እኔማ ዛሬውኑ በሰጠኋት፣ ግን የእናት «ሰጥቻለሁ» ማን ይሰማል!

ታዲያ ገመቹ እንዲያም ብሎኝ አመሻሽ ላይ ዜና ሊሰማ እኔው ቤት ይመጣል። የራሱ ሬዲዮ አለው፣ ግን የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅበት ነው። እና አንድ ቀን ያ ከውጭ አገር በአማርኛ የሚያወራው ጣቢያ ምን አለ? አውሮፓ ላይ የሁሉም አገር ተመራጭ የሚሰበሰብበት ትልቅ ምክር ቤት አለ አይደል? እዚያ ውስጥ «አገራችን ለእኛ ብቻ፣ መጤ ይውጣልን» የሚሉ ፓርቲዎች ከየአገሩ ተጠራርተው አንድ ኅብረት አቋቋሙ አለ። ሕጉ ነው አሉ፣ ከብዙ አገር ካልተውጣጡ ኅብረት አይባሉም፣ የመናገሪያ ሰዓትም እንደ ልብ አያገኙም። እና በምሥራቅ በኩል ያሉ ድሃ አገሮች ወደ ምክር ቤቱ ሲገቡ፣ ከነሱም መሰሎቻቸው ተገኙና ቁጥሩ ሞላላቸው።

«ቆይ ቆይ፣ መጤ ለማስወጣት መጤ ለመኑ?» አልኩ እኔ።

«አንቺ ፖለቲካ አይገባሽም» አለኝ ገመቹ። «ዱጋ! እውነት! ፈረንጅ እንኳ ገባው! ሁሉም በየአገሩ ይከበር ነው የሚሉት። ለዚህ ደግሞ መተባበር ያስፈልጋል።»

እና በነጋታው ጠዋት መኪና ተሳፍሮ ጊንጪ ሄደላችሁ! የቶሌራ አጎት ጋ፣ ኦቦ ባይሳ የሚባል ጋ። ሽማግሌ ሆኖ ሊመጣ የሚገባው እሱ ነበራ። ባይሳም በበኩሉ ቶሌራን ለጊንጪ ልጅ ነው ያሰበው፣ «የአምቦ ሴት ጠበል ጠጥታ አድጋ ምላሷ እንደ ውሃው ይፈላል» ባይ ነው። «እኔ ሽማግሌ ሆኜ አልመጣብህም» አለ ባይሳ፣ «እኔም አልሰጥህም» አለ ገመቹ፣ ተሳሳሙ። ከዚያ ገመቹ ሌላ መኪና ተሳፍሮ ጉደር ወረደ፣ ወንድሜ ደሬሳ ጋ። እሱ ደግሞ ሐዊን ለጉደር ጎረቤቱ ልጅ ሲመኛት የኖረ ሰው ነው፣ ወዲያው አብሯቸው ገባ። እናንተዬ፣ ልጅ ለሌላ አገር ሰው አንሰጥም ብለው የሦስት አገር ሰዎች ወዳጅ ሆኑ!

የሚሰበሰቡት የት ነው? እኔ ቤት! በየቅዳሜው፣ ከገበያ መልስ። ገመቹ ሰብሳቢ፣ ባይሳ ምክትል፣ ደሬሳ ጸሐፊ፣ መጻፍ እንኳ በቅጡ አይችልም። እና እኔ ጭኮ በቅቤ አሽቼ አቀርባለሁ፣ እነሱ እየበሉ ልጄን ቆማ እንድትቀር ይመክራሉ። ባይሳ ሲወጣ ገመቹ ወደ ደሬሳ ጎንበስ ይልና «የጊንጪ ሰው አጎራረሱን አየኸው?» ይላል። ደሬሳ ወደ ጓሮ ሲል ደግሞ ገመቹ ለባይሳ «ጉደሬ ወሬ ሲጀምር እንደ አገሩ ፏፏቴ ነው፣ ማቆሚያ የለውም» ይላል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ። ሐዊም ትሰማለች። አንድ ቀን ደብተሯ ላይ እንባዋ ጠብ ሲል አየሁና «ጌታዬ፣ ፍረድ» አልኩ።

ፈረደ! አንድ ቅዳሜ እንደተለመደው ተሰብስበው፣ ሬዲዮው «ያ ኅብረት ፈረሰ» አለ። ሦስቱም ጆሯቸውን ቀሰሩ። ለምን ፈረሰ? አንዲት የኅብረቱ ሴትዮ ተነስታ፣ የነዚያን የምሥራቅ ወዳጆቻቸውን አገር ሰው «ሌባና ወንጀለኛ ነው» አለቻ! እነሱም «እኛን ነው?» ብለው ተቆጥተው ወጡ፣ ቁጥሩ ጎደለ፣ ኅብረቱ ዓመት ሳይሞላው ተበተነ።

ባይሳ «ይበላቸው! ወዳጅ ይሰደባል?» አለ።

ገመቹ ግን፣ ዝም አይልም መቼም፣ «ጥፋቱስ የተሰዳቢዎቹ ነው» አለ። «ወዳጅ እውነት ሲነገረው ይቆጣል? አሁን ለምሳሌ እኔ፣ ለምሳሌ ነው፣ የጊንጪ ሰው ያለፈበት ግቢ እንኳን በጉ ገመዱም አይገኝም ብል፣ ባይሳ ይቆጣል? አይቆጣም! ለምን? እውነት መሆኑን ያውቃላ!»

ባይሳ የያዘውን ጭኮ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ድገመው» አለ።

«ለምሳሌ ነው ያልኩህ።»

«ምሳሌውን ድገመው!»

ደሬሳ ፈገግ አለ። ገመቹ ደነገጠና ወደሱ ዞረ፣ «አንተ ምን ያስቅሃል? ጉደሬ! ወንድሜ እኮ እህትህን ያገባት አዝኖላችሁ ነው» አይልም? እኔን! በቤቴ፣ ጭኮዬን እየበላ! እኔም ዘልዬ ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁ፣ «ኦቦ ገመቹ፣ ይነሱ! ያዘነስ ለእርስዎ ነው፣ ሬዲዮ የሚያሰማዎት ሰው ትቶልዎት ሞተ!» አልኩት። በሕይወቴ ተናግሬው አላውቅም።

ባይሳ ከዘራውን አነሳና በሩ ላይ ደረሰ። «ስማ ገመቹ» አለ፣ «የጊንጪ ልጅ ለአምቦ ሴት የሚያንስ መስሎሃል? እሑድ ሽማግሌ ሆኜ እመጣለሁ። እስቲ ፊት ለፊት እንቢ በለኝ!» ወራት ሙሉ «ሞቼ ነው የምመጣው» ሲል የነበረው ሰውዬ!

እሑድ አልቀረም፣ ነጭ ለብሶ፣ የጊንጪ ሽማግሌዎች አስከትሎ በር ላይ ቆመ። ገመቹ «ምን እግር ጣላችሁ?» አለ፣ ደንቡ ነው። «ልጃችሁን ለልጃችን» አለ ባይሳ። ገመቹ ደሬሳን አየው፣ እንዲያግዘው። ደሬሳ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «እኔ ሰጥቻለሁ» አለ። ቀረ አንድ አፍ።

ያኔ ሐዊ ወጣች። መውጣት የለባትም ነበር፣ ወጣች። የገመቹን ጉልበት ይዛ «አባቢ፣ አባቴ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አለችው። ገመቹ ሊያነሳት ጎንበስ አለ። ከዚያ «አባትሽማ፣» አለ፣ «አባትሽማ እናትሽን ሲያመጣ እኔን ሰማኝ? እንቢ ብዬው ለሠርጉም ሳልሄድለት ቀረሁ» አለና አለቀሰ። ያንን ትልቅ ሰውዬ ሲያለቅስ አየሁት። እጁን ጭንቅላቷ ላይ አድርጎ «ሰጥቻለሁ፣ ውለጂ፣ ክበጂ» አላት። እኔም እልል አልኩ።

እና ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ገመቹ ይኸው አለ። ተማረ ብላችሁ ታስባላችሁ? ባይሳና እሱ አሁን አይለያዩም፣ ጊንጪን ክፉ ያለ ሰው በሱ መጣበት። ባለፈው እዚሁ ተቀምጦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የአምቦና የጊንጪ ሰው አንድ ነን፣ ጉደርም ይደመር፣ አስቸጋሪውስ የሆለታ ሰው ነው!»

«አዴ፣ እኔ እኮ የሆለታ ልጅ ነኝ» አለ ከተከራዮቻቸው አንዱ።

«አውቃለሁ ልጄ። ነገ ሲመጣ ንገረው፣ ቀጥሎ ማንን እንደሚይዝ እናያለን» አሉ፣ እና እስኪያስላቸው ሳቁ።