የማይታየው ጋቢ

ከድሬዳዋ የግማሽ ሰዓት በረራ የሚርቅ አየር ማረፊያ፣ ረፋድ፤ አሠልጣኙ ካፒቴን ገዛኸኝና ሠልጣኙ ኪሩቤል የትንሿን የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞተር አስነሥተው ማኮብኮቢያው ጠርዝ ላይ ቆመዋል፤ አንድ ግዙፍ የጭነት ጄት አሁን ከፊታቸው ተነሥቶ ሄደ።

ካፒቴን፦ ልቀቃት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? የመቆጣጠሪያ ማማው እንደሆነ ምርጫው የእናንተ ነው ብሎናል።

ኪሩቤል፦ ሦስት ደቂቃ እንታገሥ፣ ካፒቴን።

ካፒቴን፦ ጄቱ እኮ ሄደ።

ኪሩቤል፦ እሱ ሄደ እንጂ ከክንፎቹ ጫፍ የወጣው አዙሪት ገና እዚሁ ነው።

ካፒቴን፦ የታለ? አሳየኛ።

ኪሩቤል፦ አይታይም። ቢታይማ ማን ይፈራው ነበር?

ካፒቴን፦ ነፋስ እንኳ የለም። የነፋስ መጠቆሚያውን ጨርቅ ተመልከተው፣ እንዳላጠና ተማሪ አንገቱን ደፍቷል።

ኪሩቤል፦ እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የሚጠርገው ነፋስ ካጣ ቶሎ አይለቅም። ደግሞ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ትልቅ ሰው ሲያልፍ ጋቢው መሬት ይጎትታል፣ ጫፉን የረገጠ ይወድቃል ብለው።

ካፒቴን፦ ያኔ ቤቴ ሽማግሌ አልቆመም ነበር። ዛሬ ልጄን እስከዳርን ሊጠይቁ መጥተው ድሬዳዋ ሳሎኔ ውስጥ ቆመዋል። ሽማግሌ እሺታ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ ታውቃለህ። አንደኛው ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል አሉ።

ኪሩቤል፦ ግራውን።

ካፒቴን፦ ምን አልክ?

ኪሩቤል፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ያልኩት።

ካፒቴን፦ እንግዲያው ስማ። ብቻህን እንድትበር የምፈርምልህ እኔ ነኝ። አሁን ካልተነሣህ አልፈርምም።

ኪሩቤል፦ ይቅር፣ አይፈርሙ። ያ አዙሪት ይቺን የምታህል አውሮፕላን በጀርባዋ ይገለብጣታል። እኔ እርስዎን በደኅና ቤትዎ ማድረስ አለብኝ።

ካፒቴን፦ ምነው ዛሬ እንዲህ አሳሰብኩህ?

ኪሩቤል፦ እርስዎ ከሌሉ ሽማግሌዎቼ ማንን ይጠይቃሉ?

ካፒቴን፦ ሽማግሌዎቼ?

ኪሩቤል፦ አዎ፣ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ልነግርዎ አስቤ ፈራሁ።

ካፒቴን፦ ከጄት ኋላ አልነሣም ብለህ ከኔ ጋር ስትሟገት አልፈራህም፣ ይህን ፈራህ?

ኪሩቤል፦ ይኼ ይብሳል፣ ካፒቴን።

ካፒቴን፦ እስከዳር ትናንት ነግራኛለች። ብትነሣ ኖሮ ሽማግሌዎችህ እንደቆሙ ይሸኙ ነበር።

ኪሩቤል፦ ታዲያ አሁንስ?

ካፒቴን፦ አሁን አንተ ሦስት ደቂቃህን ጠብቅ። እኔ ለእናቷ ልደውልና «ተቀመጡ» ትበላቸው።